የስኳሩ አገር

«ታሪካዊ ቦታ እንሂድ» ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ድንጋይ ነው። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንብ፣ የሐረር ጀጎል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ያለው ሕዝብ በድንጋዩ ቢኮራ ያምርበታል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ «አገራችን የግብርና አገር ናት» እየተባልን ነው ያደግነው። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ልጆቻችንን ይዘን «ኑ፣ ታሪክ ላሳያችሁ» ብለን ወደ እርሻ የወሰድናቸው?

እርግጥ ነው፣ ዓለም ሳይቀር እርሻችንን በታሪክነት ማየት ጀምሯል። የኮንሶ እርከን በእ.ኤ.አ. 2011፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ደስ ይላል። ግን ሌላም ዓይነት እርሻ አለ። በሬ ሳይሆን ማሽን፣ ደቦ ሳይሆን የቀን ደመወዝ ይዞ የመጣ እርሻ። ይሄኛው ዕድሜው መቶ ዓመት አልሞላም፣ ንጉሥ አልተቀበረበትም፣ ቱሪስት ፎቶ አያነሳውም። ነገር ግን አንድ ጠዋት ሳይዘልቅ በያንዳንዳችን ቤት የሚገባ ታሪክ ነው። በሻይ ብርጭቆ ውስጥ።

ወንጂን ማለቴ ነው።

ባለፉት ዓመታት በአንድ የየካቲት ቅዳሜ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ ወንጂ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማ ደርሶ ወደ ደቡብ መታጠፍ ብቻ ነው፣ ከከተማው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ስምንት። ትልቋ እንደ ዘመኑ ልጆች ስልኳ ላይ አቀርቅራ ነው የሄደችው። ደረቁና አቧራማው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ድንገት አረንጓዴ ባሕር ሲሆን ግን ቀና አለች። አገዳው ከመኪናው ጣሪያ በላይ ነው። ግራም ቀኝም ሌላ ነገር አይታይም።

«ይኼ ሁሉ በቆሎ ነው?» አለ ትንሹ።

ሸንኮራ አገዳ መሆኑን፣ ስኳር ከዚህ እንደሚወጣ ስነግረው ለመቀበል ተቸገረ። ስኳር ለሱ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ የሚመጣው ሲገኝ ነው። የሣር ዘመድ መሆኑን ስጨምርበትማ ጭራሽ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። እኛ ትልልቆቹም ብንሆን ስለ ስኳር የምናውቀው ዋጋውንና ሰልፉን ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ የተመሠረተው በእ.ኤ.አ. 1879 አምስተርዳም ውስጥ ነው። ሀብቱን ያፈራው ግን በሆላንድ መሬት ላይ አይደለም፤ ጃቫና ሱማትራ በሚባሉት ደሴቶች በስኳር፣ በሻይና በመሳሰሉት ሰፋፊ እርሻዎች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ስታውጅ «የቅኝ ገዥ ሀብት» የሚባለው ሁሉ ዕድሜው እያጠረ መሆኑ ለኩባንያው ግልጽ ሆነለት። ሌላ አገር መፈለግ ነበረበት። በዚሁ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ስኳር ከውጭ በውጭ ምንዛሪ መግዛቱ ሰልችቶት ባለሙያና ገንዘብ ያለው ሰው ይፈልግ ነበር። ፈላጊና ፈላጊ ተገናኙ። በእ.ኤ.አ. 1951 ስምምነት ተፈረመ፤ በአዋሽ ወንዝ ዳር 5 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ለኩባንያው ተሰጠ። ከጃቫ ልምድ ይዘው የመጡ ባለሙያዎች ሜዳውን ደለደሉ፣ ቦይ ቆፈሩ፣ ፋብሪካ ተከሉ። በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጂ ስኳር ወጣ። ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው መርቀው የከፈቱት።

ልብ በሉ፣ ከፊርማ እስከ ስኳር ሦስት ዓመት እንኳ አልፈጀም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ፋብሪካው ሲጀምር በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር ያመርት ነበር። ፈላጊው በዛ። በእ.ኤ.አ. 1962 እዚያው አጠገቡ የሸዋ ስኳር ፋብሪካ ተተከለና 1,700 ኩንታል ተጨመረ። በነዚያ ዓመታት ኤች ቪ ኤ በአገሪቱ ካሉት የውጭ ኩባንያዎች ትልልቆቹ ተርታ ገባ፤ ወደ መተሐራም ተስፋፋ። ከወንጂ በላይ ያለው የቆቃ ግድብም በእ.ኤ.አ. 1960 ተጠናቀቀ። ግድቡ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የወረራው ካሳ መብራት ሆነ፤ ዝናብ ሲበዛ ሜዳውን ያጥለቀልቅ፣ ሲጠፋ ይከዳ የነበረውን የአዋሽንም ፍሰት ገራው። ልጄ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ጣሊያን ወረራ ተምራለች፤ ስለ ካሳው ግን ሰምታ አታውቅም።

ስኳርስ በአገራችን ምን ነበር? ከዚያ በፊት የጣፈጠ ነገር ማለት ማር ነው። በየገጠሩ ቡና በጨው ይጠጣ ነበር፤ ዛሬም የሚጠጣበት ቦታ አለ። ስኳር የከተማ ሰውና የእንግዳ ነገር ነበር። ወንጂ ከመጣ በኋላ ነው ስኳር ከጌጥነት ወጥቶ አስቤዛ የሆነው። ለቅሶ ቤት ሲኬድ፣ አራስ ሲጠየቅ፣ ዘመድ ጋ ሲገባ አንድ ኪሎ ስኳር በፌስታል ማንጠልጠል «ባህላችን» የሆነው በአያቶቻችን ዕድሜ ነው። ባህል የምንለው ነገር አንዳንዴ ከአንድ ፋብሪካ አይበልጥም።

እዚያ አካባቢ ስንዞር አንድ ጡረተኛ አገኘን። ሰማንያን የተጠጉ፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሰው ናቸው። ከከምባታ የመጡት በአሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ አጎታቸውን ተከትለው ነው። «አንድ ዘመቻ ሠርቼ በሬ ገዝቼ ልመለስ ነበር» አሉን። ዘመቻ የሚሉት አገዳ የሚቆረጥበትን ወራት ነው፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ተጀምሮ ሌላው ክረምት እስኪመጣ የሚዘልቅ። «በሬውን ገዛሁት፤ ወንድሜ አረሰበት። እኔ ግን ይኸው እዚሁ ነኝ ልጄ።»

ትንሹ ልጄ እጃቸውን ይዞ «አባባ፣ ስኳሩ የታለ?» ሲላቸው ሳቁና አሠራሩን ሊያስረዱት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር የተማርኩት እኔም ነኝ።

አገዳ በዘር አይዘራም። ራሱ አገዳው ከዓይኑ ጋር እየተቆረጠ ቦይ ውስጥ ይጋደማል። እንደ ወንጂ ባለ ከፍ ያለና ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ቦታ የመጀመሪያው ምርት እስኪደርስ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ደግሞ ይቆረጣል። ዝርያዎቹም እንደ ሠራተኞቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው። በወንጂ ማሳ ላይ ለብዙ ዓመታት የነገሠው «ኤንኮ 334» ስሙን ያገኘው ከሁለት ቦታ ነው፤ ዘሩ ከተዳቀለበት ከሕንድ ኮይምባቶርና ከተመረጠበት ከደቡብ አፍሪካ ናታል።

ሲደርስ ማሳው በእሳት ይለቀቃል። ቅጠሉና ገለባው ይነዳል፣ እባቡም ይሸሻል፣ አገዳው ይቀራል። ከዚያ ቆራጮቹ በቆንጨራ ይገባሉ። በጥላሸት ፊታቸው እስኪጠፋ፣ ከመሬት ጋር እኩል አድርገው ይቆርጣሉ፤ ስኳሩ ያለው ከሥሩ ነውና። የተቆረጠ አገዳ ደግሞ አያቆይም። አንድና ሁለት ቀን ካደረ በውስጡ ያለው ስኳር መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ ቆራጩ፣ ጫኙ፣ ፋብሪካው በአንድ ሰዓት ቆጣሪ የታሰሩ ናቸው። ማሳው ቢዘገይ ፋብሪካው ይቆማል፤ ፋብሪካው ቢቆም ማሳ ላይ ያለው ይበላሻል። ዘመቻ ላይ ሌሊት የለም፣ እሑድ የለም። በበሬና በዝናብ ሰዓት ላደገ የገበሬ ልጅ ይህ አዲስ ዓለም ነበር። የፋብሪካ ጊዜ የሚባለው ነገር ብዙ ኢትዮጵያዊ የተዋወቀው እዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ከመቶ ኪሎ አገዳ አሥር ኪሎ ያህል ስኳር ቢገኝ ነው። የቀረው ግን አይጣልም። ጭማቂው የወጣለት ገለባ ተመልሶ የፋብሪካውን ቦይለር ያነዳል፤ ፋብሪካው በራሱ ቆሻሻ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ሞላሰሱ ለከብት መኖና ለአልኮል ይሆናል። ልጄ ስልኳን ኪሷ የከተተችው እዚህ ላይ ነው። «ስለዚህ እንጨት አይገዙም?» ብላ ጠየቀች። አይገዙም።

ይህን ሁሉ ስናደንቅ ሽማግሌው አንድ ነገር አሉ፤ «ይኼ ሜዳ ባዶ አልነበረም።» እውነታቸውን ነው። የአዋሽ ዳር የጅሌ ኦሮሞ የከብት ግጦሽና የበጋ ውኃ ነበር። አርብቶ አደር ክረምት በየቦታው ቢሰማራም በጋ ላይ የሚሄድበት አንድ ቦታ ነው፣ ወንዙ። ወንዙ ዳር በአገዳ ሲዘጋ የተወሰደበት 5 ሺህ ሄክታር ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን የሚያገጣጥምበት ቁልፍ ነው። ከወንጂ በታች ባለው የአዋሽ ዳር ከረዩና አፋር ላይም ቆየት ብሎ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ያኔ በካርታ ላይ «ጠፍ መሬት» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ከብት የሚያየው ሣር ለካርታ ሠሪ አይታየውም።

በሜዳው ላይ የሰፈረው ሰው ደግሞ ከየአቅጣጫው መጣ። ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ። በካምፕ ካምፕ ተደልድሎ ኖረ። የሚጋባው ተጋባ፣ እድር መሠረተ፣ ልጆቹን አንድ ትምህርት ቤት ላከ። የካምፑ ልጆች ሦስት አራት ቋንቋ እየቀላቀሉ አደጉ። ዛሬ «አብሮ መኖር» በሚል ርዕስ ስብሰባ የምንጠራበትን ነገር እዚያ ሰዎች ያለ ስብሰባ ይኖሩት ነበር። ሁሉም ነገር ገነት ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የፈረንጆቹ ሰፈር ባለ ዛፍና ባለ አጥር፣ የቆራጩ ካምፕ ደግሞ የተጨናነቀ ነበር። ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

ልዩነት ባለበት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የወንጂ ሠራተኞች በአገሪቱ ቀድመው ከተደራጁት መካከል ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት አቶ አብርሃም መኮንን የወንጂ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ነበሩ። ይህ እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ፣ ለአንድ አሠሪ፣ በአንድ ሰዓት ቆጣሪ ሲሠራ ራሱን እንደ አንድ ማየት ይጀምራል። ስለ 1966ቱ አብዮት ስናወራ ተማሪውንና ወታደሩን እንጠራለን። የሸንኮራ ቆራጩን ስም ግን ማን ያነሳል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሽማግሌው ልጆቼን ውኃ ወደሚቀዳበት ቦታ ወሰዷቸውና «እዚህ አገር ዋናው ታሪክ ስኳር አይደለም፤ ይኼ ነው» አሏቸው።

ወንጂ የሚለው ስም በዓለም ላይ ከስኳር ይልቅ የሚታወቀው በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ነው። የስምጥ ሸለቆን ወለል እየሰነጠቀ የሚሄደው የመሬት ስብራት «የወንጂ ስብራት ቀበቶ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው። ያ እሳተ ገሞራ የወለደው አለት በከርሰ ምድሩ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፤ የጥርስ ሳሙናችን ውስጥም አለ። ሲበዛ ግን መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር አይብለጥ ይላል። በወንጂ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ግን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው አሉ።

ይህ ውኃ መጀመሪያ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አይታጠብም፣ አይለቅም። የስምጥ ሸለቆ ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን «ጥርሱን የማይፋቅ» እያልን ያለ ኃጢአቱ እንኮንነዋለን። ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ ወደ አጥንት ይገባል። አሥርና ሃያ ዓመት የጠጣ ሰው ጀርባው ይደርቃል፣ አንገቱ አልዞር ይላል፣ መጎንበስና መቃናት ያቅተዋል። በወንጂ ነባር ሠራተኞች ላይ ይህ ሕመም በእ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሐኪሞች ተጽፎ ወጣ። ውኃ ማጣሪያዎችም ተተከሉ። በስምጥ ሸለቆ ሌሎች መንደሮችም የከሰለ የከብት አጥንት እንደ ማጣሪያ እየተሠራበት ነው፤ አጥንትን በአጥንት ማዳን በሉት። ነገር ግን ማጣሪያ ማለት ተተክሎ የሚረሳ ነገር አይደለም፤ የሚታደስ፣ የሚለወጥ፣ የሚጠብቀው ሰው የሚያስፈልገው ነው።

ጉዳቱን ያመጣው መሬቱ ነው፤ ማንም ሰው ውኃው ውስጥ መርዝ አልጨመረም። ግን ሰዎቹን እዚያ መሬት ላይ ሰብስቦ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያኖራቸው ሥራው ነው። አርብቶ አደሩ በዓመት ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቋሚ ሠራተኛ ግን ቋሚ ነው። «ቋሚ» ለመሆን ሰው ስንት ዓመት ይለፋል! እዚህ ግን ቋሚነቱ ራሱ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሻያችንን ያጣፈጠልን ሰው የጠጣው ውኃ ምን እንደነበር ሳናውቅ ነው ሁለት ማንኪያ ጨምረን ስናማስል የኖርነው።

ትንሹ ልጄ ዝም አለና «እኔ ስምንት ዓመቴ ነው» አለ። እናቱ ሳመችው። ሌላ ምን ይባላል?

የቀረውን ታሪክ አብዛኞቻችን በዕድሜያችን ያየነው ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የኩባንያውን ንብረት ወረሰ፣ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ፋብሪካው ግን ሥራውን ቀጠለ። ይህ ለኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና ባለሙያዎች ትልቅ ክብር ነው፤ ማሽኖቹን ያን ሁሉ ዓመት እያከሙ ያቆዩት እነሱ ናቸው። ስኳር ግን በቀበሌ ራሽን ሆነ። በእ.ኤ.አ. 2010 የስኳር ኮርፖሬሽን ተቋቋመና በአምስት ዓመት ውስጥ 22.5 ሚሊዮን ኩንታል ይመረታል የሚል ዕቅድ ወጣ። የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ዕቅዱ ካሰበው እጅግ ርቆ ቀረ፣ እኛም ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ተሰለፍን። የመጀመሪያው ፋብሪካ ከፊርማ እስከ ስኳር ሦስት ዓመት እንኳ አልፈጀም ያልኩት ለዚህ ነው። ኩባንያውን ለማወደስ አይደለም፤ ያ ኩባንያ ለትርፉ ነው የመጣው። ነገር ግን አገዳውንና ፋብሪካውን አንድ ላይ ማድረስ እንደሚቻል የሚመሰክር ነገር በእጃችን እያለ ሌላ ቦታ ላይ ፋብሪካው አገዳ ሲጠብቅ፣ አገዳው ፋብሪካ ሲጠብቅ ዓመታት ማለፋቸው ያስገርማል። ከገዛ ታሪካችን ለመማር መጀመሪያ ታሪክ መሆኑን ማመን ያስፈልጋል።

ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ሥራ ካቆሙ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በምትካቸው በዶዶታ በኩል በቀን 6,250 ቶን አገዳ መፍጨት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ አዲስ ፋብሪካ አለ። መልካም ነው፤ አሮጌ ማሽን ዕድሜው ሲያልቅ መተካት አለበት። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ የብረት ዋጋ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። አንድ አዳራሽ ቢገኝ፣ አንድ አሮጌ መፍጫ፣ የቆራጭ ቆንጨራ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የካምፑ ፎቶግራፎች፣ የጅሌ አርብቶ አደር የዚያ ሜዳ ትዝታ፣ አንድ ጠርሙስ የጉድጓድ ውኃና አጠገቡ አንድ ጠርሙስ የተጣራ ውኃ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ልጆች አይተውት ስለ ኬሚስትሪም፣ ስለ ሥነ ምድርም፣ ስለ ሠራተኛ መብትም፣ ስለ መሬትም በአንድ ቀን ይማሩበታል። ትምህርት ቤቶቻችን ለዓመታዊ ሽርሽር ልጆችን ወደ መዋኛ ገንዳ ይወስዳሉ፤ መዋኛውም አይቅር፣ ግን ግማሽ ቀን ለዚህ ይሰጥ።

አዳራሹ እስኪገኝ ደግሞ ሰዎቹ አሉ። ወንጂ ላይ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚያወጉ ጡረተኞችን ማግኘት አያስቸግርም። የኛን ሽማግሌ ስንሰናበታቸው «እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ ለማን ነግረው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማን ጠይቆኝ?» አሉ።